ማርቆስ በ14 ደቂቃ? የርቀት ማስያ ገጾች ለጎጃም የሚሰጡት መልስ ሲፈተሽ

የሁለት ከተሞችን ስም ስትጽፉላቸው በመካከላቸው ያለውን ርቀትና «የበረራ ጊዜ» ወዲያው የሚነግሩ ገጾች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ሮምና አቴንስ ብላችሁ ብትጠይቁ ይመልሳሉ። አዲስ አበባና ደብረ ማርቆስ ብላችሁ ብትጠይቁም ሳያቅማሙ ይመልሳሉ። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያሰላ ገጽ ከሆነ መልሱ ይህን ይመስላል፦ ርቀት 183 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የበረራ ጊዜ 14 ደቂቃ።

14 ደቂቃ! በ14 ደቂቃ ውስጥ እኮ ከመናኸሪያ የተነሳ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ እንኳ አይወጣም። የጎጃምን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን አይቶ ስቆ ሊያልፍ ይችላል። የማያውቀው ግን ያምናል፤ ያመነውን ደግሞ ለሌላ ሥራ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ስቀን ከማለፋችን በፊት እስቲ ቁጥሩን እንፈትሸው። የቱ ልክ ነው? የቱ አይደለም? ስህተቱስ ማንን ይጎዳል?

ቁጥሩ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ ለገጾቹ የሚገባቸውን እንስጣቸው። ርቀቱን የሚያሰሉበት ዘዴ ጥንትም የታወቀ፣ ትክክለኛ ሂሳብ ነው። መሬት ሉል ናት። በሉል ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ መሬትን ለሁለት እኩል የሚከፍል ታላቅ ክብ ቁራጭ ነው። የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ በዚያም ላይ 6,371 ኪሎ ሜትር የሆነውን የመሬት አማካይ ሬዲየስ ካገኘ፣ ማንኛውም ኮምፒውተር ውጤቱን በቅጽበት ያወጣዋል።

እናንተም በወረቀት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ 9.03 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.74 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ደግሞ 10.33 ዲግሪ ሰሜን፣ 37.72 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ። በኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 110.6 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ደግሞ 109.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰሜን ልዩነቱ 144 ኪሎ ሜትር፣ የምዕራብ ልዩነቱ 112 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ቤት የተማርነው የፓይታጎረስ ሂሳብ ነው። ውጤቱ 182 ወይም 183 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያህል አጭር ርቀት ላይ የመሬት ክብነት የሚያመጣው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

እዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም። የምንነቅፈው ገጾቹ ቁጥሩን ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ጨምረው ሲያቀርቡት ነው። እስቲ መነሻችንን ከከተማዋ መሃል ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንቀይረው። ርቀቱ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። «አዲስ አበባ» የምንላት ነጥብ የት እንደሆነች በመምረጥ ብቻ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር የሚቀያየር ቁጥር፣ የአሥር ሜትር ትክክለኛነት እንዳለው ተደርጎ ሊጻፍ አይገባም። በሳይንስ ይህ ሐሰተኛ ጥራት ነው፤ መሣሪያው ከሚያውቀው በላይ ያወቀ መምሰል።

ትልቁ ችግር ግን የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ገጹ ያንን ርቀት ይወስድና ለአንድ ቋሚ ፍጥነት ያካፍለዋል። አንዱ 800 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይላል፣ ሌላው 900። በቃ። ከዚያም ለውጤቱ «የበረራ ጊዜ» የሚል ስም ይሰጠዋል።

አውሮፕላን እንዲህ አይበርም

ማስያው በሐሳቡ የያዘው አውሮፕላን አይንደረደርም፣ አይወጣም፣ አይወርድም። ከመጀመሪያዋ ሜትር እስከ መጨረሻዋ በሙሉ ፍጥነቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን የለም።

ይህን ለመፈተን በእርግጥ የሚበረር መስመር እንውሰድ፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታው 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማስያው በ800 አካፍሎ 25 ደቂቃ ይላችኋል። በበረራ ሰሌዳ ላይ የምታገኙት ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሠላሳ አምስቷ ደቂቃ የት ገባች?

አንደኛ፣ በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። ወደ ማኮብኮቢያው በመሬት ላይ መሄዱ፣ ተራ መጠበቁ፣ ካረፈም በኋላ ወደ ማቆሚያው መመለሱ ሁሉ ተቆጥሯል።

ሁለተኛ፣ አቅጣጫ አለ። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች የተዘረጉት በምሥራቅና በምዕራብ ነው፤ ባሕር ዳርም ሆነች ማርቆስ ያሉት በሰሜን ምዕራብ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው የእንጦጦ ሰንሰለት ቆሟል። ስለዚህ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ማኮብኮቢያው ወደሚያዘው አቅጣጫ ይነሳል፣ ከፍታ ይይዛል፣ ከዚያ ይዞራል። ሲያርፍም እንደዚያው፣ የሚያርፈው ከተማው ባለበት አቅጣጫ ሳይሆን ማኮብኮቢያው በተዘረጋበት መስመር ነው።

ሦስተኛ፣ ፍጥነቱ ራሱ 800 አይደለም። በአገር ውስጥ አጫጭር መስመሮች ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በብዛት ከሚያሰማራቸው አውሮፕላኖች አንዱ ባለ ሁለት ውልብልቢቱ ኪው 400 ነው። ፈጣን ከሚባሉት ባለ ውልብልቢት አውሮፕላኖች ቢሆንም ከፍታው ላይ ሲደላደል የሚደርስበት ፍጥነት በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በአጭር መስመር ላይ ደግሞ የመውጣቱና የመውረዱ ጊዜ ብዙውን ርቀት ስለሚበላው በዚህ ፍጥነት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀላል ቀመር ልናስቀምጠው እንችላለን፦ የጉዞ ጊዜ ማለት ቋሚ ጊዜ ሲደመር ርቀት ሲካፈል ለፍጥነት ነው። ቋሚ ጊዜ የምንለው ርቀቱ ረዘመም አጠረም የማይቀረውን ነው፤ መንደርደር፣ መዞር፣ ማረፍ። ለባሕር ዳር በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ብንወስድ 330 ኪሎ ሜትሩ 33 ደቂቃ ይፈጃል። ከስልሳው ደቂቃ የሚቀረው 27 ደቂቃ ቋሚው ነው ማለት ነው።

አሁን ይህንኑ ለማርቆስ እናውለው። 190 ኪሎ ሜትር በ600 ሲካፈል 19 ደቂቃ ነው። 27 ስንጨምርበት 46 ደቂቃ። ይህ የኛ ግምት ነው፤ ነገር ግን በሚታወቅ በረራ ላይ የተመሠረተ ግምት ነው። ማስያው ያለው 14 ደቂቃ የዚህ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም።

ሜዲትራኒያን ላይ የሚሠራው ለምን እዚህ አይሠራም?

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የሚጠቀምበት ነገር እንዴት ስህተት ይሆናል?» ብትሉ መልሱ እዚሁ ቀመር ውስጥ ነው። ከሮም አቴንስ ያለው ቀጥታ ርቀት 1,050 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ማስያው በ800 ሲያካፍለው 79 ደቂቃ ያወጣል። በሰሌዳ ላይ ያለው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ተሳስቷል፤ ግን ከእውነተኛው ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን አግኝቶታል። ለባሕር ዳር ያገኘው ከግማሽ በታች ነው። ለማርቆስ ደግሞ ከሦስተኛ በታች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ቋሚው ጊዜ ከጠቅላላው የሚይዘው ድርሻ ይጨምራል። ማስያው የሚዘነጋው ደግሞ ይህንኑ ቋሚ ጊዜ ነው። ስለዚህ ስህተቱ የሚከፋው ርቀቱ ሲረዝም ሳይሆን ሲያጥር ነው። አንዳንድ ገጾች ይህን ገብቷቸው ለመነሻና ለማረፊያ ሠላሳ ደቂቃ ይጨምራሉ። እነዚህ ለማርቆስ 44 ደቂቃ ይላሉ፣ ከኛ ግምት ጋርም ይቀራረባሉ። አንድ የመደመር ምልክት ብቻ ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ ያልጨመሩት ገጾች ምን ምክንያት ሊያቀርቡ ይችላሉ?

ሁለተኛው ልዩነት ከሂሳብ ውጭ ነው። ሮምም አቴንስም በየዕለቱ አውሮፕላን ይመላለስባቸዋል። ማስያው «የበረራ ጊዜ» ሲል ቢያንስ የሚበረር በረራ አለ። ደብረ ማርቆስ ግን ባለ ሦስት ፊደል የአውሮፕላን ማረፊያ መለያ ቢኖራትም ነዋሪዎቿ ለአሥርት ዓመታት አውሮፕላን ለመሳፈር ወይ ወደ ባሕር ዳር ወይ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ሲሄዱ ኖረዋል። አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመገንባት ሥራ የተጀመረውም ይህን ችግር ለመፍታት ነው። ማስያው ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ማኮብኮቢያ ቢኖርም ባይኖርም፣ አውሮፕላን ቢመጣም ባይመጣም ቁጥሩን ይሰጣል። ለደብረ ማርቆስ ብቻ አይደለም፤ ደምበጫንና ሉማሜን ብትጽፉለትም የበረራ ጊዜ ያወጣላችኋል።

ይህ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሚፈጥር አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የማርቆስ ሰው ወደ አዲስ አበባ በአየር መሄድ ቢፈልግ መጀመሪያ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ማለትም ከመድረሻው በተቃራኒ አቅጣጫ ይነዳል። ባሕር ዳር ደርሶ ይሳፈራል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን ቀጥታ መስመር ካርታ ላይ ብታሰምሩት ደግሞ ከማርቆስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ደክሞ፣ በስተመጨረሻ በገዛ አገሩ ሰማይ አጠገብ ያልፋል ማለት ነው። በማስያው ዓለም ግን ይህ ሰው 14 ደቂቃ ነው የቀረው።

ዓባይ በረሃ

አየሩን እንተወውና ወደ መሬት እንውረድ። ብዙዎቹ ገጾች ከበረራው ጋር «በመኪና» የሚል ቁጥርም ያቀርባሉ። መንገዱን ከመንገድ ካርታ የሚያነቡት ደህና ናቸው። ቀጥታውን ርቀት በአንድ ቁጥር እያባዙ የሚገምቱት ናቸው ችግር ያለባቸው።

የመንገድ ርቀት ለቀጥታ ርቀት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር የመጠማዘዝ ምጣኔ እንበለው። በሜዳማና መንገድ በበዛበት አገር ይህ ምጣኔ ብዙውን ጊዜ በ1.2 እና በ1.4 መካከል ነው። እኛ ዘንድ እንይ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በመንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለ183 ሲካፈል 1.64። ከማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቀጥታው ደግሞ 144። ምጣኔው 1.84። መንገዱ የጮቄን ተራራ በምዕራብ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳርም ቢሆን አንድ የመንገድ ርቀት የለም። ከደጀን በብቸናና በሞጣ ስትሄዱና በማርቆስ ስትሄዱ ርቀቱ በአሥር አሥር ኪሎ ሜትሮች ይለያያል።

ከሁሉ የሚብሰው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው ነው። ሁለቱ ከተሞች በዓባይ ሸለቆ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ተፋጠው ተቀምጠዋል። ቀጥታው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ግን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ምጣኔው ሁለት ሞላ ማለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ ድልድዩ ወዳለበት 1,050 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ይወጣል። 1,450 ሜትር ቁልቁለት በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ሲከፋፈል በየመቶ ሜትሩ ሰባት ሜትር ያህል መውረድ ነው። ይህ አማካይ ነው፤ የሚብስባቸው ኩርባዎች አሉ። ተሳቢ የጎተተ መኪና ሲወርድ ፍሬኑ እንዳይግል በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሲወጣም አቅም ስለሚያጥረው በዝቅተኛ ማርሽ ነው የሚሄደው። ከኋላው ያለው አውቶቡስም መቅደሚያ እስኪያገኝ ይከተለዋል።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ብንወስድ በረሃውን ለማቋረጥ 80 ደቂቃ ያስፈልጋል። ያው ርቀት በማስያው የበረራ ስሌት አንድ ደቂቃ ተኩል ነው።

መንገዱ ለምን ይህን ያህል ይጠማዘዛል? ሸለቆው በዓለት ንብርብሮች ውስጥ የተቆፈረ ስለሆነ ነው። ከላይ የእሳተ ገሞራ ባዛልት አለ። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ሸክላማ ዓለት፣ ወረድ ሲሉ ደግሞ አሸዋ ድንጋይ። ጠንካራው ገደል ይሠራል፣ ለስላሳው ይሸረሸራል፣ የተንኮታኮተው ደግሞ በዳገቱ ላይ ይከመራል። በክረምት ውሃ ሲሰርግበት ይህ ክምር ይንሸራተታል። መሐንዲስ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር የማይችለው ለዚህ ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ የተከፈተው ባለ 303 ሜትር የዓባይ ድልድይ ወንዙን መሻገርን አቅልሏል። ዳገቱንና ቁልቁለቱን ግን የትኛውም ድልድይ አላስቀረውም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ተቀምጦ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የዓባይን አካሄድ በካርታ ሲያሰፍር በወንዙ ዳር እየተከተለ መሄድ አልቻለም። በደጋው ጫፍ ጫፍ እየዞረ፣ በሚቻልበት ቦታ እየወረደ፣ እንደገና እየወጣ ነው የሠራው። የጎጃም ገበሬም ቢሆን መንገድ ስትጠይቁት በኪሎ ሜትር አይነግራችሁም። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ወይም «ለምሳ ትደርሳላችሁ» ይላችኋል። ብዙዎቻችን ይህን የመለኪያ እጦት አድርገን እናየዋለን። እንዲያውም ትክክለኛው መለኪያ እሱ ነው። ተጓዥ የሚከፍለው በሰዓትና በድካም እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለምና።

ጨዋታ ብቻ አይደለም

«ምን ችግር አለው? ለጨዋታ ያህል የተሠራ ገጽ ነው፣ ማን የጉዞ ዕቅድ ያወጣበታል?» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ስለ አንድ ተጓዥ ከሆነ ልክ ነው። ማንም ሰው 14 ደቂቃ አምኖ ለሠርግ አይዘገይም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ማስያው የሚሠራበት አስተሳሰብ፣ ማለትም «ቀጥታ ርቀት ካወቅሁ መድረሻውን አውቄያለሁ» የሚለው፣ ከጨዋታ ገጾች ውጭም አለ። ካርታ ላይ በአንድ ጤና ተቋም ዙሪያ የአሥር ወይም የሃያ ኪሎ ሜትር ክብ ተሥሎ «በዚህ ክብ ውስጥ ያለው ሕዝብ አገልግሎት ያገኛል» ሲባል፣ ያው ማስያ ነው የሚናገረው።

በዓባይ አፋፍ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። ደጀን ላይ ባለ ተቋም ዙሪያ የ20 ኪሎ ሜትር ክብ ብታሰምሩ የክቡ ጠርዝ ከወንዙ ማዶ፣ ጎሐ ጽዮን ደጃፍ ይደርሳል። ከማዶው ዳገት ያለች፣ መኪና ያላገኘች ወላድ በክቡ ውስጥ ናት። በ1892 እ.ኤ.አ. ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ቀላል ደንብ አለ፦ ለእያንዳንዱ አምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 20 ኪሎ ሜትር አራት ሰዓት ነው። 1,450 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሁለት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይጨምራል። በድምሩ ከስድስት ሰዓት በላይ። ይህም ለጤነኛ፣ ለጠንካራ ሰው፣ ያውም መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ነው። በቃሬዛ ለተያዘች ሴት ስንት እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ ደም መፍሰስ ሕክምና ካላገኘ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱን ያወጣው የላንሴት የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽንም ሕዝብ አስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ማግኘት አለማግኘቱ የሚለካው በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ በመቻሉ ነው ብሏል። ኮሚሽኑ የመረጠው መለኪያ ሰዓት እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም። ክቡ «ደርሳለች» ይላል፤ ሰዓቱ «አልደረሰችም» ይላል። የክቡ መልስ በሪፖርት ላይ ሽፋንን ከፍ ያደርጋል፤ አዲስ ጤና ጣቢያ ወይም አምቡላንስ የት ይመደብ ሲባልም ያቺን መንደር ከዝርዝሩ ያወጣታል። የርቀት ስህተት የሰው ዋጋ የሚያስከፍለው በዚህ መንገድ ነው።

ምን ቢያደርጉ ይሻላል?

ነቀፋ ብቻውን አይበቃም። ለገጾቹ ባለቤቶች የሚከብድ ነገር አንጠይቅም።

የመጀመሪያው ስም ማስተካከል ነው። ቀጥታውን ርቀት «በአየር ላይ ያለ ቀጥታ ርቀት» ይበሉት፤ ነጥብ ተከታይ አኃዞቹንም ይተዉአቸው። መደበኛ በረራ በሌለበት መስመር ላይ «የበረራ ጊዜ» የሚለውን ጨርሶ ያንሱት። በረራ ባለበትም ቋሚውን ጊዜ ይደምሩ፣ ለአጭር መስመርም የጄት ፍጥነት አይውሰዱ።

ሁለተኛው ዳገቱን ማየት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ በእጃችን ነው። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የጠፈር መንኮራኩር የራዳር ቅየሳ የሰጠን የመሬት ከፍታ መረጃ ኢትዮጵያን በሠላሳ ሜትር ጥራት ይሸፍናል፤ ማንም በነጻ ያገኘዋል። ዳገት የእግረኛን ፍጥነት እንዴት እንደሚቀንስ የሚገልጸው የዋልዶ ቶብለር ቀመርም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍታን፣ መንገድንና የጉዞ ዓይነትን አጣምሮ የጤና ተቋማትን ተደራሽነት በሰዓት የሚያሰላውን አክሰስሞድ የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ያቀርባል። የቀረው ሥራውን መሥራት ነው።

ይህን ሥራ ደግሞ ከውጭ መጠበቅ የለብንም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ደጀን ላይ ጭጋግ ሲወርድ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ በሐምሌ የትኛው ዳገት እንደሚንሸራተት፣ መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስ በየት እንደሚዞር የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ አላቸው። የጂኦግራፊና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያቸው የሚሆን ርዕስ ቢፈልጉ ከመናኸሪያ የተሰበሰበ እውነተኛ የጉዞ ሰዓትና ከፍታን የሚያሳይ ካርታ አጣምረው የምሥራቅ ጎጃምን ወረዳዎች የመድረሻ ሰዓት ካርታ መሥራት ይችላሉ። ጤና ቢሮ ይጠቀምበታል፤ ገበሬውም ምርቱን ገበያ ለማድረስ ያስብበታል።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ ወደፊት አንድ ገጽ ወይም አንድ ሪፖርት የርቀት ቁጥር ሲሰጣችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ከየትኛው ነጥብ እስከ የትኛው ነጥብ? በምን እየተጓዝኩ? በየትኛው ወቅት? ሦስቱን ካልመለሰ ቁጥሩ የካርታን ስፋት ይነግራችሁ ይሆናል እንጂ መቼ እንደምትደርሱ አይነግራችሁም። በማርቆስ ሰማይ መደበኛ በረራ ሲመላለስም ከቤት እስከ ቦሌ የሚፈጀው ጊዜ፣ ቀድሞ መገኘቱ፣ 46 ደቂቃው በረራና የመጨረሻው ታክሲ ተደምረው ጉዞው ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሆናል። በአውቶቡስ አምስት ስድስት ሰዓት ለሚፈጀው መንገድ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ለዚህ እፎይታ የ14 ደቂቃ ተረት አያስፈልገውም።